አብረው የተቀበሩ ሁሉ ዘመዳሞች አይደሉም፦ ስለ ጥንት አጽሞች ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጥንት ሰዎች አጽም የተጻፈ አንድ ረጅም ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። ጽሑፉ ለዛ አለው፤ ጸሐፊውም ብዙ እንዳነበቡ ያስታውቃል። ሐሳባቸው ሲጨመቅ እንዲህ ነው፦ ከጥንት አጥንት ዲኤንኤ ማውጣት ከተቻለ ወዲህ «ማን የማን ዘመድ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ተዘግቷል፤ በአንድ መቃብር የተገኙ ሰዎች ቤተሰብ ናቸው፤ የጥንቱ ቤተሰብ በየትም ቦታ የአባት ቤት ነበር፤ አብሮ የተቀበረው ዕቃ የሟቹን ጾታና ማዕረግ፣ የራስ ቅሉ ቅርጽ ደግሞ የየትኛው ሕዝብ ወገን እንደነበረ ይነግረናል። አጥንት አይዋሽም ይላሉ።

አጥንት አይዋሽም፤ በዚህ አልከራከራቸውም። የምከራከራቸው አጥንቱ ያልተናገረውን እሳቸው ስለተናገሩለት ነው። አንድ ሰው ከማን እንደተወለደና እነማንን ዘመድ ብሎ እንደኖረ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቻቸው ብዙ ጊዜ ይገጥማሉ። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የማይገጥሙበት ቦታ ነው፤ የጥንት ሰዎች ዝምድና ስለሚሉት ነገር የነበራቸው አስተሳሰብ ከሥጋ ትስስር ተለይቶ የሚታየን እዚያ ብቻ ነውና። ነጥቦቻቸውን በተራ አነሣለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«የዝምድና ጥያቄ ተዘግቷል»

አስቀድመን ዲኤንኤው የሚለካውን እንይ። ተመራማሪዎች አዘውትረው የሚቦረቡሩት በራስ ቅሉ ውስጥ ከጆሮ ጀርባ ያለውን እጅግ ጥቅጥቅ ያለ የአጥንት ክፍል ነው፤ ዲኤንኤ ከሌላው የአካል ክፍል ይልቅ እዚያ ተጠብቆ ይቆያል። ከዚያ የሚወጣው ውጤት «ይህ አባት ነው፣ ይህ ልጅ ነው» የሚል ጽሑፍ አይደለም፤ የመጋራት መጠን ነው። ወላጅና ልጅ ግማሽ ይጋራሉ። የአንድ አባትና እናት ልጆችም በአማካይ ግማሽ ይጋራሉ። አያትና የልጅ ልጅ፣ አጎትና የወንድም ልጅ፣ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ወንድማማቾች ግን ሦስቱም ሩብ ያህል ነው የሚጋሩት። ስለዚህ ሩብ የሚል ውጤት ሲመጣ ሟቹ አያት ይሁን አጎት ቁጥሩ ብቻውን አይለይም። ለመለየት በእናት በኩል ብቻ የሚወረሰው ዲኤንኤ፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው ዋይ ክሮሞዞም፣ ሰዎቹ የሞቱበት ዕድሜና የመቃብሮቹ የዘመን ቅደም ተከተል አንድ ላይ ይመዘናሉ። የዘር ሐረጉ የሚሣለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ተስሎም አንዳንዱ መስመር «ሊሆን ይችላል» እንደተባለ ይቀራል።

ይህ የዘዴው ጥያቄ ነው፤ በጊዜ ብዛት ይሻሻላል። ዋናው ክርክሬ ሌላ ነው። ጸሐፊው ለዚህ ነጥባቸው ምስክር ያደረጉት በእንግሊዝ ግሎስተርሺር የሚገኘውን የሐዝልተን ኖርዝ የድንጋይ መቃብር ነው። ምስክሩ ጥሩ ነው፤ ቃሉን ግን ከግማሽ ላይ አቋርጠውታል። በ2022 የወጣው ጥናት ከ5,700 ዓመት ገደማ በፊት እዚያ ከተቀበሩ 35 ሰዎች ዲኤንኤ አውጥቶ 27ቱን አምስት ትውልድ በሚዘልቅ አንድ የዘር ሐረግ ላይ አስቀምጧቸዋል። ሐረጉ የሚነሣው ከአራት ሴቶች ልጆች ከወለደ አንድ ሰው ነው። ጸሐፊው እስከዚህ ድረስ በትክክል ጽፈዋል። የዘለሉት የሚከተለውን ነው። ከተቀበሩት ወንዶች መካከል እናታቸው የዚህ ወገን ሚስት ሆና አባታቸው ግን የወገኑ ሰው ያልሆነ አሉ። እናቲቱ ለወገኑ ወንድ ሌላ ልጅ ወልዳለች፤ እነዚህኞቹ ግን የሌላ ሰው ልጆች ናቸው። የእንጀራ ልጆች ናቸው ማለት ነው። የእንጀራ ልጅነታቸው ከመቃብሩ ደጃፍ አልመለሳቸውም፤ በእንጀራ አባታቸው ወገን መካከል እንደ ልጅ ተቀብረዋል። የቀሩት ስምንት ሰዎች ደግሞ በሐረጉ ላይ ካለ ከማንም ጋር የሥጋ ዝምድና አልተገኘላቸውም።

ሌላም አለ። መቃብሩ የሰሜንና የደቡብ ክፍል አለው። ወደ መቃብሩ የመግባት መብት የሚገኘው በአባት በኩል ነበር። በየትኛው ክፍል ይቀበር የሚለውን ግን መጀመሪያ ላይ የሚወስነው ሟቹ ከአራቱ ሴቶች ከየትኛዋ መወለዱ ነበር። ጸሐፊው «የአንድ ሰው ልጆች» ብለው በደፈናው ስላለፉት እናቶቹ ከታሪኩ ወጥተዋል። የመቃብሩ አሠራር ግን እናቶቹን ይቆጥር ነበር።

ከሐዝልተን ይልቅ እኔን የሚይዘኝ በፖላንድ ኮሺትሴ የተገኘው የጅምላ መቃብር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2880 እስከ 2776 ባለው ጊዜ ውስጥ 15 ሰዎች ጭንቅላታቸውን ተመትተው ተገድለው በአንድ ጉድጓድ ተቀበሩ። ጉድጓዱ ግን ሬሳ የተወረወረበት አይደለም። የቀበራቸው ሰው ሟቾቹን አንድ በአንድ ያውቃቸው ነበር፦ እናቶች ከልጆቻቸው ጎን ተኝተዋል፤ ወንድማማቾችም እንዲሁ ጎን ለጎን። አባቶች በአብዛኛው እዚያ የሉም፤ ምናልባትም በዚያ ቀን ርቀው የነበሩትና ተመልሰው የቀበሩት እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም። አባቱም እናቱም ጉድጓዱ ውስጥ የሌሉ የሁለት ዓመት ገደማ ሕፃን እንኳ ሌሎች የሥጋ ዘመዶቹ አጠገብ ተደርጓል። ከእነዚህ መካከል አንዲት ሴት አለች። ዲኤንኤዋ በጉድጓዱ ውስጥ ካሉት ከአንዳቸውም ጋር አይዛመድም። ያስተኟት ግን ከአንድ ወጣት ወንድ አጠገብ ነው፤ አጥኚዎቹም በሕይወት ሳለች ለእሱ ቅርብ የነበረች ሳትሆን አትቀርም ብለዋል። ሚስቱ ትሁን፣ ገና የታጨች ትሁን ዲኤንኤ አይነግረንም። የቀበሯት ሰዎች ግን ቦታዋን ያውቁ ነበር። በዝምድና ሠንጠረዡ ላይ ምንም መስመር የማይነካት ይህች ሴት በጉድጓዱ ውስጥ እንደ ባዕድ ብቻዋን አልተተወችም። የዝምድና ጥያቄ ተዘግቷል የሚሉን ጸሐፊ እሷን የት ሊያስቀምጧት ነው?

«አብሮ የተቀበረ ቤተሰብ ነው»

ለዚህ ነጥብ ምላሽ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጸሐፊው ራሳቸው ያነሧቸው የሱንጊር ልጆች ይበቃሉ። «ወንድምና እህት» ብለዋቸዋል። ሱንጊር በሩሲያ ቭላድሚር ከተማ አጠገብ ነው። ከ34,000 ዓመት ገደማ በፊት ሁለት ልጆች ራስ ለራስ ተጋጥመው፣ ከማሞዝ (ዘሩ ከጠፋ የዝሆን ዘመድ) ጥርስ ከተሠሩ ከ10,000 በላይ ዶቃዎች ጋር ተቀብረዋል። በአንደኛው ልጅ ጎን የሌላ አዋቂ ሰው የጭን አጥንት ቁራጭ፣ ውስጡ ቀይ አፈር ተሞልቶ ተቀምጧል። እንዲህ ያለውን ቀብር ያየ ሰው ወንድምና እህት ቢላቸው አይፈረድበትም፤ ለረጅም ጊዜም ወንድና ሴት ናቸው ሲባል ኖሯል። በ2017 የወጣው የዲኤንኤ ጥናት ግን ሁለቱም ወንዶች መሆናቸውን፣ ወንድማማቾችም ሆነ የቅርብ ዘመዳሞች አለመሆናቸውን አሳየ። የጭን አጥንቱም ባለቤት የቅርብ ዘመዳቸው አልነበረም። ይህን ሁሉ ዶቃ አንድ በአንድ የፈለፈሉ ሰዎች ልጆቹን አንድ ላይ ያሳረፉበት ምክንያት ነበራቸው፤ የአንድ እናት ልጅነት ግን አይደለም። ጥናቱ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ ጸሐፊው እንዴት እንዳመለጣቸው አልገባኝም።

የፖምፔይ ምሳሌያቸው ደግሞ ሁለት ነገር ያደባልቃል። በ79 ዓ.ም. በጣሊያን የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ፖምፔይ የተባለችውን ከተማ ሲያጠፋ «የወርቅ አምባር ቤት» በሚባለው ቤት ውስጥ ከሞቱት መካከል አምባር ያጠለቀ አንድ አዋቂና የታቀፈው ሕፃን ይገኙበታል። አምባሩና እቅፉ ታይተው እናትና ልጅ ተባሉ። በ2024 ዲኤንኤው ሲመረመር አዋቂው ወንድ ነው፤ ከሕፃኑም ጋር የሥጋ ዝምድና የለውም። ጸሐፊው ይህን ቢያውቁም ባያውቁም ፖምፔይ ለክርክራቸው አትሆንም፤ እነዚህ ሰዎች አብረው ሞቱ እንጂ አብረው አልተቀበሩም። መቃብርን የሚያዘጋጀው ሌላ ሰው ነው፤ ስለሆነም የዚያ ሰው ሐሳብ ይነበብበታል። አደጋ ላይ የተገኘ አጽም የሚያሳየው ግን በመጨረሻዋ ሰዓት ማን ማንን እንዳቀፈ ነው። ይህም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም፤ ብቻ ለሌላ ጥያቄ መልስ ነው። በጣሊያን ሞዴና በ2009 እጅ ለእጅ ተያይዘው የተገኙትና ዓለም «ፍቅረኞቹ» ያላቸው ጥንዶችም ከአሥር ዓመት በኋላ የጥርሳቸው ሽፋን ፕሮቲን ሲመረመር ሁለቱም ወንዶች ሆነው ተገኝተዋል። ወንድማማቾችም፣ ጓደኛሞችም፣ ፍቅረኛሞችም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስሙን ያወጣላቸው ግን መቃብሩ ሳይሆን ጋዜጣው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ምሳሌ ልምጣ። ቻታልሆዩክ በዛሬዋ ቱርክ ከክርስቶስ ልደት በፊት 7100 ገደማ ተመሥርቶ ከሺህ ዓመት በላይ ሰው የኖረበት መንደር ነው። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀዋል፤ መግቢያቸው በጣሪያ በኩል ነበር። ሙታንን የሚቀብሩት ከቤቱ ወለል ሥር፣ በተለይም ከመደቦቹ ሥር ነው። መደቡን ያንሡታል፣ ሟቹን አጣጥፈው ያሳርፉታል፣ መልሰው ይለስኑታል፣ ኑሮውም በዚያው ላይ ይቀጥላል። ከዚህ የበለጠ «ቤተሰብ» የሚያሰኝ ምን አለ? እንግዲያው በ2011 ሁለት ተመራማሪዎች የሟቾቹን የጥርስ ቅርጽ አወዳደሩ። የጥርስ ጉብታዎችና ሸንተረሮች በዘር ስለሚወረሱ ዲኤንኤ ባይኖርም ዝምድናን ይጠቁማሉ። ያገኙት ውጤት ብዙዎችን አስገረመ፤ በአንድ ቤት ሥር የተቀበሩ ሰዎች በሌላ ቤት ከተቀበሩት ይልቅ እርስ በርስ አይቀራረቡም ነበር። የአንድ ቤት ሰው መሆን በመወለድ ብቻ የሚገኝ አይደለም የሚል ድምዳሜ ተከተለ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ እኔም እንደ ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ልዘጋው እችል ነበር፤ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ። አላለቀም። በ2025 ከ35 ቤቶች የተገኙ የ131 ሰዎች ዲኤንኤ ይፋ ሆነ። በመንደሩ የመጀመሪያ ዘመናት በአንድ ቤት ሥር የተቀበሩት ብዙውን ጊዜ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው፤ የሚገናኙትም በእናት በኩል ነው። ሴት ልጆች ከተወለዱበት ቤት ጋር እንደተሳሰሩ ሲቀሩ ወንዶቹ ወደ ሌላ ቤት ይሄዱ የነበረ ይመስላል። ለሴት ሕፃናት መቃብር የተሰጠው ዕቃም ለወንዶቹ ከተሰጠው እስከ አምስት እጥፍ ይበልጣል። እየቆየ ሲሄድ ግን በቤቶቹ ሥር ያለው የሥጋ ዝምድና እየሳሳ መጣ፤ ባዕድ የሆኑ ልጆች በአንድ መደብ ሥር ይገናኙ ጀመር። መንደሩ አንድ፣ ቤቶቹም አንድ ዓይነት፣ አቀባበሩም ያው ነው። ከመደቡ ሥር ለመግባት የሚያበቃው ነገር ግን በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ ተለውጧል። ለዚህ የሚሆን አንድ ሕግ ያለው ካለ ያምጣ።

«የጥንቱ ቤተሰብ በየትም ቦታ የአባት ቤት ነበር»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ የሚጠቅሷቸው ምሳሌዎች እውነተኛ ናቸው። ከፓሪስ በስተደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው የጉርጊ መቃብር፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4850 እስከ 4500 ባለው ጊዜ ከተቀበሩት ውስጥ የ94 ሰዎች ዲኤንኤ ተነብቦ 64ቱ ሰባት ትውልድ በሚሸፍን አንድ ሐረግ ላይ ተገናኝተዋል። ሐረጉ የሚወርደው በወንዶች ነው። ለአካለ መጠን የደረሱ የቤቱ ሴት ልጆች እዚያ የሉም፤ ሌላ ቦታ ተድረዋል። ሚስቶቹ ደግሞ ከውጭ የመጡ ናቸው። ትውልዱ ሁሉ የሚነሣበት ሰው አጥንቱ ብቻ ነው የተገኘው፦ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ተቀብሮ ኋላ ላይ አጥንቱ ተለቅሞ መጥቶ በአንዲት ሴት መቃብር ውስጥ ተቀምጧል። ሰዎቹ አዲስ ሰፈር ሲመሠርቱ የአባታቸውን አጥንት ይዘው መምጣታቸው ነው። የአባት ቤት ከተባለ ከዚህ በላይ ግልጽ አይገኝም፤ እቀበላለሁ።

በጀርመን ደቡብ በሌኽ ሸለቆ የተጠኑት የነሐስ ዘመን መቃብሮችም ይህንኑ ይመስላሉ፤ እዚያ ደግሞ የጥርስ ማስረጃ ታክሎበታል። የጥርስ ሽፋን በልጅነት ከተሠራ በኋላ አይታደስም። አንድ ልጅ በሚበላውና በሚጠጣው በኩል በአካባቢው አለት ያለው ስትሮንቲየም የተባለ ንጥረ ነገር በጥርሱ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰውየው ሌላ አገር ሄዶ ሃምሳ ዓመት ቢኖር እንኳ ጥርሱ ያደገበትን ምድር እንደያዘ ነው። በሌኽ ሸለቆ ሀብታም ሆነው የተቀበሩ ብዙ ሴቶች ጥርስ የሩቅ አገር ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው ቤት አቅራቢያ ከማንም ጋር ዝምድና የሌላቸው፣ ያለ ዕቃ የተቀበሩ ሰዎችም አሉ። ጸሐፊው እነዚህን በቀጥታ «ባሪያዎች» ብለዋቸዋል። አገልጋዮች ሊሆኑ ይችላሉ፤ እኩልነት እንዳልነበረም አጥንቱ ያሳያል። በዋጋ ተገዙ ወይስ በሌላ መንገድ ገቡ የሚለውን ግን አያሳይም።

ችግሩ «በየትም ቦታ» የሚለው ቃል ነው። ቻታልሆዩክን ከላይ አይተናል። በእንግሊዝ ዶርሴት፣ ሮማውያን ከመምጣታቸው በፊትና በመጡበት ጊዜ የኖሩት ዱሮትሪጅስ የተባሉ ሰዎች መቃብር በ2025 ሲጠና ከሃምሳ በላይ ከሆኑት ሰዎች አብዛኞቹ ከአንዲት ሴት በሚወርድ የእናት ሐረግ ላይ ተገናኙ። የአባቶቹ ሐረግ ግን የተበታተነ ነው። ከቤታቸው ወጥተው ሚስት ዘንድ የሚገቡት ወንዶቹ ነበሩ ማለት ነው። የሮማ ጸሐፊዎች የብሪታንያ ሴቶች የነበራቸውን ሥልጣን ሲጽፉ የኋላ ሰዎች «ማጋነን ነው» ይሉ ነበር፤ አሁን እንደዚያ ማለት ከበድ ይላል። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ ቻኮ ካንየን ውስጥ ፑዌብሎ ቦኒቶ በተባለው ታላቅ ሕንፃ 33ኛ ክፍል ከተቀበሩት ባለማዕረጎች ዲኤንኤአቸው የተነበበው ዘጠኙም አንድ ዓይነት የእናት ሐረግ አላቸው፤ እናትና ልጅ፣ ሴት አያትና ወንድ የልጅ ልጅም ተለይተዋል። ሹመቱ 330 ዓመት ያህል በእናት በኩል ሲተላለፍ ኖሯል።

ጸሐፊው አንድ ነገር ቢያስቡበት መልካም ነው፦ እስካሁን በዲኤንኤ የተጠኑ መካነ መቃብሮች በብዛት የአውሮፓ ናቸው። ምክንያቱ አውሮፓ የሰው ልጅ ወካይ መሆኗ አይደለም፤ ቅዝቃዜ ዲኤንኤን ይጠብቃል፣ ሙቀት ይፈታዋል፣ ገንዘቡና ቤተ ሙከራውም እዚያ ነው። በ2015 ከአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሟላ የጥንት ሰው ዲኤንኤ የተገኘው በጋሞ ደጋማ ምድር በሚገኘው ቀዝቃዛ የሞታ ዋሻ ውስጥ ነው፤ 4,500 ዓመት ያስቆጠረ የአንድ ሰው ብቻ። አንድ አጽም ስለ ሩቅ ዝርያው ብዙ ይናገራል፤ ከእነማን ጋር ቤት እንደመሠረተ ግን አይናገርም። መላውን ዓለም በጥቂት የአውሮፓ ሸለቆዎች ለክቶ «በየትም ቦታ» ማለት ለእኔ ድፍረት ነው።

«ሰይፍ ካለበት ወንድ፣ ጌጥ ካለበት ሴት»

ይህን በአጭሩ ላልፈው እችል ነበር፤ ቢርካ የሚለው ስም ይበቃል። በስዊድን ቢርካ በ1878 የተቆፈረው መቃብር ሰይፍ፣ መጥረቢያ፣ ጦር፣ ቀስቶች፣ ሁለት ጋሻና ሁለት ፈረስ ነበረበት። ወንድ ጦረኛ ነው ተባለ። የአጥንት ባለሙያዎች ዳሌው የሴት ይመስላል ቢሉም ሰሚ አላገኙም፤ በ2017 ዲኤንኤው ሴት መሆኗን አረጋገጠ። ወዲያውም «እንግዲያው ጦረኛ አልነበረችም፤ ዕቃው የሌላ ሰው ነው» የሚሉ ድምፆች ተነሡ። ወንድ በነበረችበት ከመቶ ዓመት በላይ ይህን ጥያቄ ያነሣ አልነበረም። በስፔን ሴቪያ አጠገብ ቫሌንሲና ውስጥ በ2008 ከዝሆን ጥርስ ጋር የተገኘው «ታላቅ ሰው» ም በ2023 በጥርስ ፕሮቲን ሴት ሆኖ ተገኝቷል።

ከእነዚህ ከታወቁት ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ በሕፃናት መቃብር የተሠራው ስሕተት ነው። ለአቅመ አዳምና ሔዋን ያልደረሰ ልጅ ጾታ ከአጥንቱ ቅርጽ በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም፤ ዳሌው ገና አልተለየም። ስለዚህ ቆፋሪዎች ዶቃ ያለበትን ልጅ ሴት ይሉታል፣ ቀስት ያለበትን ወንድ። ከዚያ ደግሞ «በዚህ ባህል ሴት ልጆች ከዶቃ ጋር ይቀበሩ ነበር» ተብሎ ይጻፋል። ማስረጃው ራሱን እየበላ ይዞራል። ይህን ዙሪት የሚቆርጠው የጥርስ ሽፋን ምርመራ ነው፤ በሽፋኑ ውስጥ ያለው አንድ ፕሮቲን በወንድና በሴት ስለሚለያይ የሕፃኑ ጥርስ ከዕቃው ተነጥሎ ለብቻው ይጠየቃል።

ሰው የሠራው ሥራ በአጽሙ ላይ እንዴት እንደሚነበብ ማየት ለፈለገ ደግሞ ከሰይፉ ይልቅ የምመክረው በጀርመን ዳልሃይም ገዳም የተቀበረችውን ሴት ነው። በ11ኛው ወይም በ12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ከ45 እስከ 60 ባለው ዕድሜ ሞታለች። አጽሟ ላይ የተለየ ነገር የለም። ነገር ግን በጥርሷ ላይ የደነደነው ቆሻሻ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከመቶ በላይ ሰማያዊ ቅንጣቶች ተገኙበት፤ ምርመራው ላፒስ ላዙሊ መሆናቸውን አሳየ። ይህ ድንጋይ በዚያን ዘመን ከአፍጋኒስታን ብቻ የሚመጣ፣ በወርቅ ዋጋ የሚሸጥ፣ ምርጥ የብራና ሥዕሎች የሚቀቡበት ነበር። አጥኚዎቹ የተለያዩ ምክንያቶችን ከመዘኑ በኋላ ይበልጥ አሳማኝ ያሉት የብሩሹን ጫፍ በከንፈሯ እያሾለች መጻሕፍት ታስጌጥ ነበር የሚለውን ነው። እዚህ ላይ ማንነቷን የሚመሰክረው ቀባሪዎቿ አጠገቧ ያስቀመጡት ዕቃ አይደለም፤ የገዛ አፏ ነው። ጸሐፊው ሰይፍና ዶቃ ሲቆጥሩ እንዲህ ያለው ማስረጃ ከጽሑፋቸው ሙሉ በሙሉ ቀርቷል።

ስለ «ኒውግሬንጁ ንጉሥ»

በአየርላንድ ኒውግሬንጅ በተባለው የጥንት የድንጋይ መቃብር የተገኘው ሰው ወላጆች ወንድምና እህት ወይም ወላጅና ልጅ እንደነበሩ በ2020 የወጣው ጥናት አሳይቷል። ይህ የዲኤንኤ ውጤት ነው። «ስለዚህ ንጉሥ ነበር፤ የነገሥታት ቤት እርስ በርሱ ይጋባ ነበር» የሚለው ግን ትርጓሜ ነው፤ ጸሐፊው ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አጣብቀዋቸዋል። ማስረጃው ከአንድ የራስ ቅል ቁራጭ የተገኘ የአንድ ሰው ውጤት ነው። በ2025 ሌሎች አርኪዮሎጂስቶች ይህንኑ ትርጓሜ በጽሑፍ ሞግተውታል። አንድ ልጅ ሥርወ መንግሥት አይሆንም።

«የራስ ቅል ወገንን ይነግራል»

ይህ ከሁሉ ያሳዘነኝ ነጥብ ነው፤ የሚያስከትለው ነገር ስላለ። በ1996 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር የተገኘው የኬነዊክ ሰው የራስ ቅሉ ቅርጽ ታይቶ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችን አይመስልም ተባለ። ከ8,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ነባሮቹ ሕዝቦች «አባታችን ነው፤ መልሱልንና እንቅበረው» ብለው ቢጠይቁም ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ተሸነፉ። በ2015 ዲኤንኤው ሲነበብ ከማንም በላይ የሚቀርበው ለእነዚሁ ሕዝቦች ነው። በ2017 ተረክበው ቀበሩት። ሃያ ዓመት ያህል ሙግት የተነሣው በአብዛኛው ከአንድ የራስ ቅል ቅርጽ ነው፤ ጸሐፊው ዛሬም በዚያው መለኪያ ይለካሉ።

የራስ ቅል ስለ ማንነት የሚናገረው ነገር የለም ማለቴ አይደለም። በባቫሪያ ከ500 ዓ.ም. አካባቢ መቃብሮች ረጅም ሆኖ የተሠራ የራስ ቅል ያላቸው ሴቶች ተገኝተዋል። «የተሠራ» የምለው አውቄ ነው፤ እንዲህ ያለው ቅርጽ የሚወጣው የሕፃን ጭንቅላት አጥንቱ ሳይጠነክር በጨርቅ ሲጠፈር ነው። በ2018 በወጣው ጥናት የእነዚህ ሴቶች ዝርያ በአብዛኛው ከደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ ሆኖ ተገኝቷል፤ አብረዋቸው የተቀበሩት ወንዶች ግን የሰሜንና የመካከለኛው አውሮፓ ሰዎች ናቸው። ከሩቅ ተድረው የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም። እንግዲህ ቅሉ ስለ ወገን የመሰከረው ተፈጥሮ ስለቀረጸው አይደለም፤ አንዲት እናት ወይም ሞግዚት በልጅነቷ ስላሰረችላት ነው። ልጅቱ ሳትጠየቅ የተጻፈባት ምልክት ነው። ሌላ አገር ስትዳር ሊነቀል አይችልም፤ በዚያ ባዕድ መንደር ሙሉ ዕድሜዋን የሁሉም ሰው ዓይን እያየው ትኖራለች። ከዲኤንኤ መቶኛ ይልቅ ስለ ማንነት የሚያነጋግረኝ ይህ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ጸሐፊው ሲደመድሙ «አጽሞቹ የማንም አይደሉም፤ የሳይንስ ናቸው» ብለዋል። የፑዌብሎ ቦኒቶ ጥናት ሲወጣ ተመራማሪዎቹ የፑዌብሎ ሕዝቦችን ሳያማክሩ አጥንት በመውሰዳቸው ከራሳቸው ከሳይንቲስቶች ጭምር ብርቱ ወቀሳ ደርሶባቸዋል። ወቀሳው ከሥነ ምግባር ያለፈ ነው። ከእነዚህ ሕዝቦች መካከል ጎሣቸውን በእናት የሚቆጥሩ ዛሬም አሉ፤ በ33ኛው ክፍል የተገኘውን ውጤት ለመተርጎም ከእነሱ የተሻለ ማን ይጠየቃል? እነሱን ያላናገረ ጥናት በሥነ ምግባሩም በእውቀቱም ጎድሎበታል።

ጽሑፉ እንደገና የሚወጣ ከሆነ ጸሐፊው ቢያንስ ሦስት ቦታ እንዲያርሙ እጠይቃለሁ፦ የሱንጊር «ወንድምና እህት» ይውጣ፤ በሐዝልተን ላይ የእንጀራ ልጆቹና ዝምድና ያልተገኘላቸው ስምንቱ ይግቡ፤ የኬነዊክ ሰው ደግሞ ከ2015 በኋላ ባለው ውጤት ይጻፍ። በቀረው ላይ እንከራከራለን።